ስኳርና ዳገት

“ጫማውን ከሰሉ ጆንያ ውስጥ ክተቺው” አለ አስናቀው። “ስትፈልገው ታጣዋለች፤ ስታጣው ትተወዋለች።”

እትዬ ባንቺዓለም ይህን የሰሙት ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲህ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሲያጣፉ ነው። ገና መንጋቱ ነበር። ልጃቸው በሹክሹክታ የተናገረ መስሎታል፤ ያ ግድግዳ ግን እንኳን ሹክሹክታ የሰው ትንፋሽም አያስቀርም። ምራታቸው ፀሐይነሽ፣ “ዛሬ እኮ ሞጣ ቀጠሮ አላቸው፤ ምን አድርገው ሊሄዱ ነው?” አለች።

“ያ የቆዳው ጫማ አለ አይደል? ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው እንደ ሰው ለብሶ ነው የሚሄደው። ትናንት ስብሰባ ላይ አለቃችን ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‘አስናቀው፣ እናትህ ለኦሎምፒክ እየተዘጋጁ ነው አሉ’ ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። የመሪጌታ ሚስት፣ በስኒከር፣ መንገድ ለመንገድ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነው ያልኩት።” ቀጥሎ የመጣው ግን ከጫማው የባሰ ነበር። “ለማንኛውም ዛሬ መርፌ መጀመሯ አይቀርም። መርፌ ከጀመረች ደግሞ ብቻዋን መኖር የሚባል ነገር የለም። ያንን ቤት ለአዲሱ መምህር ላከራየው ነው፤ ቃል ሰጥቼዋለሁ።”

“ያንን ቤት” ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለውን፣ እትዬ ባንቺዓለም ከሟቹ ባላቸው ከመሪጌታ ጋር ጎጆ የወጡበትን፣ እሱንም የወለዱበትን ቤት ነው። እጃቸው ነጠላው ላይ ቀረ።

ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይህን ማንም ቢጠይቃቸው ይምሉለታል። ባለፈው ዓመት ሞጣ እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው ራሳቸውን ስተው ሲወድቁና ሐኪሙ ስኳር ነው ሲል፣ ከቢቸና መኪና ይዞ የበረረው እሱ ነው። እናቱን ወደ ገዛ ቤታቸው አልመለሳቸውም፤ “ለጥቂት ጊዜ” ብሎ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። የሰጣቸው ክፍል ከጓሮ በኩል ነው። በአንድ በኩል የጤፍ ጆንያ ተደርድሯል፤ በሌላው በኩል የሞተር ሳይክሉ አሮጌ ጎማና የቴሌቪዥኑ ባዶ ካርቶን አለ፤ እሳቸው በመሃል። ምግብ በሰዓቱ ይመጣል። ውኃ ሊቀዱ ሲነሡ፣ “ኧረ እርስዎ ይረፉ!” ትላለች ፀሐይነሽ። ሽንኩርት ልላጥ ሲሉ ቢላዋው ከእጃቸው ይወሰዳል። በዚያ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰሙት ቃል “ይረፉ” ነው። ሲያርፉ እግራቸው አበጠ፤ ሲያርፉ ዓይናቸው ደከመ፤ ሲያርፉ ስኳራቸው ሽቅብ ወጣ። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ሁለት መቶ ስልሳ ሲሆን ሐኪሙ፣ “በሚቀጥለው ካልወረደ ወደ መርፌ እንገባለን” አላቸው። ሲወጡ የስኳር ክፍሏ ነርስ ሲስተር ሰርካለም እጃቸውን ይዛ በር ድረስ ሸኘቻቸውና፣ “እማማ፣ ከክኒኑ ጋር አብሮ የሚወሰድ አንድ ነገር አለ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። ሩቅ ባይሆንም ይሂዱ” አለቻቸው።

እትዬ ባንቺዓለም ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ሰልቫጅ ከሚሸጠው ልጅ ሰማያዊ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ስኒከር መረጡ። ሻጩ፣ “ለልጅዎ ነው?” ሲላቸው “አዎ” አሉት፤ አፈሩ። በማግስቱ ጠዋት ሲወጡ ፍርድ ቤቱ በር ሳይደርሱ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን አልጋው ሞቆ፣ ውጭው ቀዝቅዞ፣ “ዛሬስ ይቅር” የሚል ሐሳብ መጣባቸው። ያኔ ነው ራሳቸውን ማታለል የጀመሩት። “እስከ ወፍጮ ቤቱ ብቻ” ይላሉ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ፣ “ከመጣሁ አይቀር እስከ ድልድዩ።” ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ወደ አምበር የሚወስደው መንገድ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለመዱ። እንጀራውን ቀንሰው ጎመኑን አበዙ። ክረምቱ ሲገባ ጃንጥላ ይዘው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ከእግራቸው ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ አያስቆማቸውም ነበር። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በገዛ ልጃቸው ቤት ሲያፍሩባቸው ግን አልሰሙም።

ተነሡ። ክፍሉን ከፍተው ወደ ማድ ቤቱ ሄዱ። ፀሐይነሽ ምድጃው አጠገብ ቆማለች፤ እጇ ላይ ያለው ጥላሸት ሁሉን ይናገራል። እትዬ ባንቺዓለም የከሰሉን ጆንያ አፍ ፈቱ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱና ግራውን፣ ከዚያም ቀኙን አወጡ፤ የበሩ መቃን ላይ እያጋጩ አራገፏቸው። ተቀምጠው አጠለቁ፤ ማሰሪያውንም ጠበቅ አድርገው አሰሩ። አስናቀው የጥርስ ቡሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ከበሩ ብቅ አለ። እናቱን አየ፤ ጫማውን አየ፤ ሚስቱን አየ። አረፋው ከከንፈሩ ላይ እየወረደ ቆመ። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ታጠቡ፤ የሐኪም ቤት ካርዳቸውን ፌስታል ብብታቸው ሥር አደረጉ።

“በሉ ደኅና ዋሉ” አሉ።

“እማዬ፣ መናኸሪያ ድረስ ላድርስሽ?” አለ፤ አፉ በአረፋ እንደተሞላ።

“እግር አለኝ” አሉና ወጡ።

መናኸሪያው በር ላይ ባለችው ሻይ ቤት የተለመዱት ወንዶች ተቀምጠዋል። ከሁሉም የሚገዝፈው ፋንታ፣ የእህል ነጋዴው፣ አንድ ወንበር ለአንድ ጎኑ ብቻ የሚበቃው ሰው ነው። ሦስት ስኳር ያለበትን ሻይ እያማሰለ፣ እንደየጠዋቱ፣ “እትዬ ባንቺዓለም! ወርቁንስ መቼ ነው የሚያመጡልን?” አለ። ሁሉም ሳቁ። እሳቸው ግን እንደየጠዋቱ አልፈው አልሄዱም፤ ቆሙና፣ “ዛሬ ላመጣው እየሄድኩ ነው” አሏቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ከኋላ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ወደ አንድ ጎን ዘንበል አለ፤ ፋንታ ከሹፌሩ ጎን ገብቶ ነበር። እሱም ሞጣ ይሄዳል፤ ከሞጣ ነጋዴ ጋር የገጠመው የፍርድ ቤት ክርክር ለዛሬ ረፋድ ተቀጥሯል።

መንገዱ ያኔ አስፋልት አልደረሰውም፤ ቀዩ አቧራ በመስኮቱ እየገባ ነጠላውን ሁሉ ቀይሮታል። ተሳፋሪው ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። ኩንታሉ አምና ስንት እንደነበር፣ ዘንድሮ ስንት እንደገባ፣ ማዳበሪያ ስንት እንደሆነ። ፋንታ ከፊት ወንበር ዞር እያለ ለሁሉም ይመልሳል። ደብረ ወርቅ ላይ አንዲት ሴት የተቀቀለ በቆሎ ይዛ በመስኮት አቀረበችላቸው፤ እትዬ ባንቺዓለም ዓይናቸውን መለሱ። ምርመራው በባዶ ሆድ ነው፤ ከትናንት ራት ወዲህ ከውኃ በቀር የቀመሱት ነገር የለም። አጠገባቸው የተቀመጡት፣ ሰይድ የሚባሉ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ስለ ባዶ ሆዳቸው ሲሰሙ የያዙትን ብስኩት መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። “እርስዎ እያዩ አልበላም” አሉ።

ቀራንዮን አልፈው ሞጣ ሲቃረቡ ከመኪናው አፍንጫ ጭስ ወጣ። ሹፌሩ አለበል ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊቱን ሊልጠው ደረሰ። ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተበጥሷል። ወደ ሞጣ ደውሎ ሌላ እንዲልኩለት ጠየቀ፤ ከዚያ ተሳፋሪውን አስወርዶ፣ “ታገሡኝ፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው” አለ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። አንድ ሚኒባስ አለፈ፤ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮበታል፤ ሕፃን ያዘለችን አንዲት እናት ብቻ እንደምንም አስገብተው ሄዱ። ሌላም አለፈ፤ እሱ ጭራሽ አልቆመም። የቀረው ተሳፋሪ ከመንገዱ ዳር ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተደርድሮ ተቀመጠ፤ እንዲህ ባለ ቦታ ሰው የሚያደርገው ሌላ ምን አለ!

እትዬ ባንቺዓለም አልተቀመጡም። የስኳር ክፍሉ ደም የሚወስደው እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው። የሚከታተላቸው ሐኪም የሚገኘውም ዛሬ ነው። ዛሬ ካመለጣቸው የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ይሆናል፤ እስከዚያ ቤታቸው ውስጥ የመምህሩ አልጋ ይገባል፤ የሰው አልጋ ከገባበት ቤት ደግሞ የሰውን አልጋ ማስወጣት እንደማይሆንላቸው ራሳቸውን ያውቃሉ።

“አለበል ልጄ፣ ከዚህ ሞጣ በእግር ስንት ያስኬዳል?”

ሹፌሩ ቀና ብሎ አያቸው። “መንገዱስ እንኳን ቅርብ ነው እማማ። ዳገቱ ነው እንጂ። አንድ ሰዓት ተኩል ለጎበዝ። ለእርስዎ ግን…”

“ለእኔ ምን?”

“ምንም” አለ አለበል።

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና መንገዱን ያዙ። ከኋላቸው፣ “ኧረ የት ነው የሚሄዱት! አሮጊቷን መልሷት!” የሚል ድምፅ ሰሙ፤ ዞር አላሉም። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላ የእግር ኮቴ ተከተላቸው፤ ሰይድ ናቸው። “እኔም ሱቄ ተዘግቶ መዋል የለበትም፤ አብረን እንሂድ” አሉ። ከእሳቸው ኋላ ሁለት ወጣቶች ተነሡ። ከዚያ ጃንጥላ የያዘች አንዲት ሴት። ቁጭ ብሎ የቀረው ሰው የሚሄደውን ሲያይ መቀመጡ አሳፈረው መሰለኝ፣ ብዙ ሳይቆይ ግማሹ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ሆነ። ከሁሉም በኋላ፣ ሰዓቱን አሥር ጊዜ ካየና ወደ አለበል ሦስት ጊዜ ከጮኸ በኋላ፣ ፋንታ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ተነሣ። በሰዓቱ ካልተገኘ መዝገቡ ይዘጋበታል።

ሜዳው ላይ ሁሉም ይስቅ፣ ይጫወት ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ጨዋታው ቆመ። ፀሐይዋ ጠንክራለች፤ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይሄዳል፤ አንዱን ኩርባ ሲጨርሱት ሌላው ይጀምራል። እትዬ ባንቺዓለም ጫፉን አላዩትም። ዓይናቸውን ቅርብ ወዳለው ነገር ይጥላሉ፤ እስከዚያ ቋጥኝ፣ እስከዚያ የመብራት እንጨት። አንዱ ላይ ሲደርሱ ሌላ ይመርጣሉ። በመሃል ላይ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፤ ልባቸው ደረታቸውን መታ። ቆሙ። ሲስተር ሰርካለም፣ “እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይንዎ ከጨለመ ከረሜላ ይብሉ፤ ምርመራው ይቅር” ብላቸዋለች። ከረሜላው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ዘርግተው ጣቶቻቸውን አዩ። ሰይድም አብረው ጎንበስ ብለው አዩ። ጣቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

“አይንቀጠቀጥም” አሉ ሰይድ።

“አይንቀጠቀጥም” አሉ እትዬ ባንቺዓለም። የሚያልባቸው ያው ዳገቱ ነው። ዳገት ደግሞ ማንንም ያልባል።

ዞር ሲሉ ፋንታን አዩት። ከታች ኩርባው ላይ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ፊቱ ጠቁሯል። ወጣቶቹ ቀድመው አልፈዋል፤ ማንም አልጠበቀውም። እትዬ ባንቺዓለም ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ ደስ አላቸው። ክረምት ከበጋ የሳቀባቸው አፍ ይኸው ተከፍቶ መዘጋት አቃተው። ጥለውት መሄድ ይችላሉ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ደስታው ግን እንደመጣ ጠፋ። መጀመሪያ ቀን ቢቸና ፍርድ ቤቱ በር ሳይደርሱ፣ ያቺ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ እሳቸውም እንዲሁ ነበር አፋቸውን የከፈቱት። ወደ ታች ተመለሱ።

“አቶ ፋንታ፣ አይሩጡ። አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ።”

“አል… አልችልም እትዬ ባንቺዓለም። እርስዎ ይሂዱ።”

“ዳገቱን ማን ውጣ አለዎት? እስከዚያ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው የምንሄደው።”

ፋንታ ባሕር ዛፉን አየ። ቅርብ ነው። “ከዚያ በኋላስ?”

“ከዚያ በኋላ ያለውን እዚያ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።”

እንዲህ አድርገው አወጡት። ከባሕር ዛፉ እስከ ቋጥኙ፣ ከቋጥኙ እስከ ቅያሱ። ቦርሳውን ሰይድ ያዙለት። ፋንታ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ ትንፋሹ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። መጨረሻው ኩርባ ላይ፣ የሞጣ ቆርቆሮዎች ከሩቅ ሲያብረቀርቁና የሚናረቱ ጫፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ጋር ጎን ለጎን ሲታይ፣ ቆሞ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። “እኔ እኮ” አለ፣ “በየጠዋቱ ለምን እንደምስቅ አላውቅም ነበር። አሁን ገባኝ። እርስዎ በበሩ ሲያልፉ ወንበሬ ይጠብበኛል።” እትዬ ባንቺዓለም፣ “ፍርድ ቤቱ በየት በኩል ነው?” ብቻ አሉት፤ እሱም የመጀመሪያዋን ባጃጅ ጠርቶ ገባ። “ኑ፣ ሆስፒታሉ ላድርስዎ” ቢላቸው፣ “ይኸን ሁሉ መጥቼ እዚህ ላይ አልሳፈርም” አሉ።

ሲደርሱ ሲስተር ሰርካለም ጓንቷን እያወለቀች ነበር። አቧራ የመሰለውን ፊታቸውን፣ ወገባቸው ላይ የታሰረውን ነጠላ፣ ሰማያዊው ቀይ የሆነውን ጫማ አየችና፣ “እማማ! ምን ሆነው ነው?” አለች።

“መኪናው ተበላሸ። በእግሬ መጣሁ።”

“ከየት?”

“ከዳገቱ ሥር።”

ነርሷ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። ግን ወዲያው አልወጋቻቸውም፤ “ትንፋሽዎ ይመለስ” ብላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። አግዳሚው ላይ ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ውጤት ይጠብቃሉ፤ ሁሉም እንደ እሳቸው ካርዳቸውን ታቅፈዋል። ያቺ መጠበቅ ከዳገቱ ከበደቻቸው። ዳገቱ ላይ የሚያደርጉት ነገር ነበራቸው፤ እዚህ ግን ምንም የለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእግር ሥዕል ሲያዩ ቆዩ፤ ጣቱ የጠቆረ እግር ነው። የእንጀራውንና የሻዩን፣ የጭቃውንና የጃንጥላውን ጠዋት ሁሉ አሰቡ። ይህ ሁሉ ሆኖ ያው ሁለት መቶ ስልሳ ቢሆንስ? ቢሆን ምን እላለሁ? አሰቡና አሰቡና፣ ቢሆንም ነገ ጠዋት ተነሥተው እንደሚሄዱ አወቁ። ያንን ሲያውቁ ልባቸው ቀለል አለ። ጣታቸውን ሲሰጡም መርፌዋን አላዩም፤ የሲስተር ሰርካለምን ፊት ነበር የሚያዩት።

የሲስተር ሰርካለም ቅንድብ ተነሣ። መሣሪያዋን ነቅነቅ አደረገች፤ “ሌላ ጣት ይስጡኝ” አለች። በሌላው ጣት ደገመችው። ከዚያ ካርዱን ይዛ ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባች። እትዬ ባንቺዓለም ተከትለዋት ገቡ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካርዱን ደጋግሞ አነበበ። “እናቴ፣ ምን አድርገው ነው?” አለ።

“ምን ሆነ? ወጣ?”

“ወረደ እንጂ! መቶ አሥራ ሁለት። ባለፈው ሁለት መቶ ስልሳ ነበር እኮ። የምን መርፌ? ክኒኑንም ብንቀንሰው ነው የሚሻለው።”

እትዬ ባንቺዓለም መጀመሪያ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ የመሪጌታ ሚስት ናቸውና፣ ዓመታት ሙሉ ቅኔ ሲዘረፍ ከጓዳ የሰሙ ናቸውና፣ ፈገግ ብለው፣ “እኔ በወጣሁ ቁጥር እሱ ወረደ በሉኛ!” አሉ። ሐኪሙ ትንሽ አሰበና ሲገባው ሳቁን ለቀቀው። ሲስተር ሰርካለም ግን አልሳቀችም፤ አቅፋቸው ዓይኗን ጠረገች። ወደ አግዳሚው ሲመለሱ የሚጠብቁት ሰዎች ወሬው ደርሷቸዋል። አንዲት ወፍራም ሴት ጎንበስ ብላ ጫማቸውን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ፣ “ከየት ነው የተገዛ?” አለች። እትዬ ባንቺዓለምም ሳያፍሩ ነገሯት። “ለልጅሽ ነው ወይ ካሉሽ፣ አይ፣ ለራሴ ነው በይ” አሉ።

ከእህታቸው ቤት ምሳ በልተው መናኸሪያ ሲደርሱ ፋንታ ወንበር ይዞላቸው ነበር፤ ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን። እሱ ከኋላ ተጨናንቆ ተቀምጧል። መዝገቡ አልተዘጋበትም። ቁጥሩን ሲሰማ መኪናው ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ በየተራ ነገረ፤ ለጤፍ ዋጋ ቦታ አልተረፈም። የሚያውቃቸው አንድ ሰው ቀራንዮ ላይ ሲሳፈር ወሬውን ከመጀመሪያው ጀመረለት፤ በሁለተኛው ጊዜ ዳገቱ ረዝሞ፣ ፀሐይዋም ጨምራ ነበር።

ቢቸና ሲገቡ አሥር ሰዓት አልፏል። እትዬ ባንቺዓለም ከመናኸሪያው ወጥተው ወደ ልጃቸው ቤት የሚወስደው መታጠፊያ ላይ አልታጠፉም። ቀጥ ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወረዱ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈቱ። በሩ አብጦ በትከሻ ካልሆነ አልከፈት አለ፤ በትከሻ ከፈቱት። ቤቱ የተዘጋ ቤት ሽታ ይሸታል። ባዶው የጠፍር አልጋ፣ የመሪጌታ አትሮንስ፣ የሸረሪት ድር የሸፈነው መደርደሪያ። መስኮቱን ከፈቱ፤ መጥረጊያ አነሡ። “ይረፉ” የሚል ማንም አልነበረም። አንዱን ጥግ ጠርገው ሌላውን ሲጀምሩ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

አስናቀው ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ከረባቱን እንኳ አላላላም። ፋንታን መንገድ ላይ አግኝቶታል፤ ፋንታን ያላገኘ ሰው በዚያ ከሰዓት ቢቸና ውስጥ አልነበረም። ቆሞ እናቱን ሲጠርጉ አያቸው። 

“ቁጥሩ እውነት ነው?” አለ።

“በሁለት ጣት ነው ያዩት።”

“በእግርሽ… ያንን ዳገት?” አለ። “ብትወድቂስ? እማዬ፣ አባዬን በአንድ ሌሊት ነው ያጣሁት። አንቺም እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።”

እትዬ ባንቺዓለም መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። “አውቃለሁ። የሰው ሳቅ ያሳፈረህንም አውቃለሁ፤ ግድግዳህ ስስ ነው። ግን ልጄ፣ አንተ ቤት ስቀመጥ ቀስ ብዬ እየሞትኩልህ ነበር። ምግቡ መጥቶልኝ፣ ብርድ ልብሱ ተደርቦልኝ፣ ተከብሬ። አሁን መኖር አማረኝ።”

አስናቀው ከረባቱን ፈታ፤ መልሶ አሰረ። “ለመምህሩ ቃል ሰጥቻለሁ” አለ፤ እንደ ሕፃን።

“የሰጠኸው የእኔን ቤት ነው። ለሰጠኸው ቃል የራስህ ቤት አለ፤ የጓሮው ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ነው። ጎማውን አውጣለትና አስገባው።”

አስናቀው ባዶውን የጠፍር አልጋ አየ፤ እናቱን አየ። ሳቅ ሊመጣበት ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፤ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ወደ እሱ ቤት ተመልሰው ከፀሐይነሽ ጋር ሦስቱም ዕቃውን ሲያወጡ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ፀሐይነሽ ድስቱንና ሰሐኑን በዘንቢል ያዘች፤ አድርሳ ልትመለስ ቀድማ ስትወጣም ቀስ ብላ፣ “ጠዋት ለሠራሁት ይቅር ይበሉኝ” አለች። “ይቅር ብዬሻለሁ” አሉ፤ “ነገ ተከትለሽኝ ውጪ።”

የስፖንጅ ፍራሹን ማን ይሸከመው የሚለው ጉዳይ ቀረ። አስናቀው በፊት ቢሆን ለአንድ ኩሊ ከፍሎ ያስወስደው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን አየ። ሰዓቱ የቢሮ ሰው የሚመለስበት፣ ሻይ ቤቱ የሚሞላበት ነው። ፍራሹን ጠቀለለ፤ በገመድ አሰረ፤ ከነከረባቱ ጭንቅላቱ ላይ ጫነው። እናትና ልጅ በዋናው መንገድ ላይ ወጡ፤ እናት ከፊት፣ ልጅ ከኋላ። ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰዎች ቀና አሉ። የቢሮው ባልደረቦች ከወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይመጡ ነበር፤ አንዱ ቆመና፣ “አስናቀው! ምንድን ነው ይኼ?” አለ።

“የእናቴ ፍራሽ ነው” አለ አስናቀው፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። “ስኳሯ መቶ አሥራ ሁለት ሆኗል። ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው።”

ማንም አልሳቀም። ከሻይ ቤቱ ውስጥ እንዲያውም አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። እትዬ ባንቺዓለም ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ እርምጃቸውን ግን አልቀነሱም። ከኋላቸው ልጃቸው እያለከለከ፣ “እማዬ፣ ኧረ ቀስ በይ!” ሲል ይሰማል።

ቤት ሲደርሱ ፍራሹን ጠፍር አልጋው ላይ ዘረጋ፤ ጠርዞቹን በእጁ እየመታ አስተካከለ። መብራቱን ሞከረ፤ በራ። ሌላ የሚያደርገው ነገር ፈለገ፤ አጣ። እትዬ ባንቺዓለም ግንባሩን ሳሙት።

“በል ወደ ቤትህ ሂድ። ራትህ ይቀዘቅዛል፤ ሚስትህም ትጠብቅሃለች።”

“ሌሊት ቢያስፈልግሽ…”

“እጠራሃለሁ። አሁን ሂድ።”

ሄደ። እትዬ ባንቺዓለም እግሩ ከአጥሩ በር ላይ እስኪርቅ ቆመው አዩት። ከዚያ ያበጠውን በር በትከሻቸው ገፍተው ዘጉት፤ መወርወሪያውንም በገዛ እጃቸው፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀረቀሩት።